ከመቶ ወደ ዜሮ የወረደው እምነት

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ላይ አንዲት እናት ያዘችኝ። ልጆቿ የሚማሩት እኔ በኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ በምሠራበት የትምህርት አስተዳደር ነው። «ጋሼ፣ ትምህርት ቤቱ እኛን ማመን ተወ እንዴ?» አለችኝ። የልጇን ውጤት ለማየት ስትገባ ፓስወርዷን ጽፋም አይበቃም፤ በስልኳ የተላከላትን ቁጥር ትጠየቃለች። አስተማሪዋም በየጠዋቱ ስልኳን እያየች ቁጥር እንደምትጽፍ ልጇ ነግራታለች። ከትምህርት አስተዳደሩ የመጣው ደብዳቤ ደግሞ «ዜሮ ትረስት» የሚባል አሠራር መጀመሩን ያስታውቃል። እኛ «ማመን ቀብሮ ነው» የምንለው ስለ ሰው ነው፤ እሷም ነገሩን በዚያው መንገድ ተረድታ ከፍቷታል።

ይህ አሠራር የስድሳ ዓመት ታሪክ አለው። ታሪኩን ለወላጆች የነገራቸው ሰው ስለሌለ ቅር ቢሰኙ አይፈረድባቸውም። የማውቀውን ልጽፍ የተነሳሁት ለዚህ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ፓስወርድ ወደ ኮምፒውተር የገባው በ1961 አካባቢ ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፈርናንዶ ኮርባቶ የሚመሩት ቡድን አንድን ትልቅ ኮምፒውተር ብዙ ሰው በጋራ እንዲጠቀምበት ሲያደርግ፣ የአንዱ ፋይል ከሌላው እንዲለይ ለእያንዳንዱ ሰው የምስጢር ቃል ሰጠ። በ1962 የተመደበለት የኮምፒውተር ሰዓት ያልበቃው አንድ የዶክትሬት ተማሪ የፓስወርዶቹን ዝርዝር በሙሉ አሳትሞ ወሰደ፤ ከዚያ በኋላ በሌሎች ሰዓት ይሠራ ጀመር። እዚያው የሚማር፣ ሁሉም የሚያውቀው፣ ወደ ክፍሉ የመግባት ሙሉ መብት ያለው ሰው ነበር። የሙያችን የመጀመሪያ ትምህርት ይህ መሆን ነበረበት፤ ግን ለረጅም ጊዜ አልተማርንበትም።

በ1983 «ዋር ጌምስ» የተባለ ፊልም ወጣ። ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ ውጤቱን ከቤቱ ሆኖ የሚቀይረው ጎረምሳ፣ ፓስወርዱን ያገኘው ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት፣ ወረቀት ላይ ተጽፎ ነው። ፕሬዚዳንት ሬገን ፊልሙን ካምፕ ዴቪድ ሆነው አዩትና እንዲህ ያለ ነገር በእውን ሊደርስ ይችል እንደሆነ የጦር ኃይሎቹን የጋራ ኤታማዦር ሹሞች ሊቀመንበር ጠየቁ። ከዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 1984፣ ስለ መንግሥት ኮምፒውተሮችና መገናኛዎች ጥበቃ መመሪያ ፈረሙ። መመሪያው ያሰበው ለአገር ደኅንነት ነበር። ስለ ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ያሰበ አልነበረም። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዘመን እንኳ ያ ወረቀት በየጸሐፊው መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ኖቬምበር 2 ቀን 1988 አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የለቀቀው ፕሮግራም በጊዜው ግምት 6,000 ያህል ኮምፒውተሮችን አሽመደመደ። ከዚያ ወዲህ ድርጅቶች በራሳቸው ኔትወርክና በኢንተርኔት መካከል የሚቆም መከለያ፣ ፋየርዎል፣ ማቆም ጀመሩ። የቤል ላቦራቶሪው ዊልያም ቼስዊክ በ1990 ስለ ድርጅታቸው ፋየርዎል ባቀረቡት ጽሑፍ አሠራሩን ቅርፊቱ ጠንካራ፣ ውስጡ ግን ለስላሳ ከሆነ ከረሜላ ጋር አመሳስለውት ነበር። ቅርፊቱን ያለፈ ሰው ውስጡን እንደ ልቡ ያገኘዋል። ያም ሆኖ ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመታት የዓለም ኔትወርኮች በአብዛኛው የተሠሩት በዚሁ ንድፍ ነው።

ትምህርት ቤቶች ወደዚህ የገቡት በጥድፊያ ነው። በ1994 ከአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ኢንተርኔት የነበራቸው 35 በመቶ፣ ከመማሪያ ክፍሎች ደግሞ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ኢ-ሬት የሚባለውን ፈንድ ፈጠረ፤ ጣሪያው በዓመት 2.25 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ገንዘቡ ለትምህርት ቤቶችና ለቤተ መጻሕፍት ለመስመር፣ ለሽቦና ለማሠራጫ መሣሪያ ይሰጣል። በ2005 ኢንተርኔት ያልደረሰበት ትምህርት ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ከመማሪያ ክፍሎቹም 94 በመቶው ተዳርሰው ነበር። በትምህርት ታሪክ ውስጥ እንዲህ ፈጥኖ የተዳረሰ ነገር ጥቂት ነው። ዓላማው መልካም ነበር፤ ድሃ ሰፈር ያለ ልጅም የሀብታሙ ልጅ የሚያየውን እንዲያይ ነው። ግን ፈንዱ ለጥበቃ የሚከፍለው ለተራ ፋየርዎል ብቻ ነበር። ሽቦውን መንግሥት ገዛ፤ ጥበቃው ለየካውንቲው ተተወ።

እኔ የደረስኩት እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ መጥቼ፣ እንደ ብዙዎቻችን ዋሽንግተን መሃል ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራሁ ኮሌጅ ጨረስኩና በትምህርት አስተዳደሩ በቴክኒሻንነት ተቀጠርኩ። የየትምህርት ቤቱ የኔትወርክ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከጽዳት ዕቃ መጋዘኑ ጎን ነበር። አንድ ቁም ሳጥን፣ ሰማያዊ ሽቦዎች፣ የሚያጉረመርም ማራገቢያ። የዋናው መሥሪያ ቤት ፋየርዎል ፒክስ የሚባለው የሲስኮ ሥሪት ነበር። ስንተክለው ለእያንዳንዱ በር የእምነት ቁጥር እንሰጠዋለን። ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው በር ዜሮ ይባላል፤ ወደ ራሳችን የሚገባው መቶ። ከመቶው ወደ ዜሮው የሚሄድ መልእክት ማንም ሳይጠይቀው ያልፋል፤ ከዜሮው ወደ መቶው የሚመጣ ግን ፈቃድ ካልተጻፈለት ይመለሳል። መቶ የምትለውን ቁጥር በእጄ ጽፌያታለሁ፤ መመሪያውም የሚያዘው ይህንኑ ነበር።

መቶው ውስጥ ምን ነበር? ሁሉም ነገር። የደመወዝ ሰርቨሩ፣ የተማሪ ውጤት፣ የነርሷ መዝገብ፣ የምሳ ቤቱ ሒሳብ ማሽን፣ የአውቶቡስ ስምሪት፣ የማሞቂያው መቆጣጠሪያ፣ የኮሪደሩ ካሜራ፣ ፎቶ ኮፒው፣ በሦስተኛ ክፍል ተማሪ እጅ ያለው ላፕቶፕም ጭምር። ሁሉም በአንድ ኔትወርክ ይተያያሉ። ላፕቶፖቹን የምናዘጋጀው አንዱን አስተካክለን እሱኑ በሺዎች ላይ በመቅዳት ስለነበር የአስተዳዳሪው ፓስወርድም በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነው። የአንዱን ያወቀ የሁሉንም አወቀ ማለት ነው። የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ፣ ባክአፑ፣ እንኳ የተቀመጠው እዚያው መቶው ውስጥ ነበር። በዚያ ዘመን በአገሪቱ አብዛኛው የትምህርት አስተዳደርና የከተማ ማዘጋጃ ቤት የሚሠራው በዚህ መልክ ነበር። ሌላ መንገድ ሠራተኛና ገንዘብ ይጠይቃል፤ በአንድ ካውንቲ ሺህ ኮምፒውተር ለአንድ ቴክኒሻን መድረሱም የተለመደ ነገር ነበር።

ይህ መንገድ አደገኛ መሆኑን የተናገሩ አልጠፉም። በ2004 የትልልቅ የብሪታንያ ድርጅቶች የደኅንነት ኃላፊዎች ተሰባስበው ጄሪኮ ፎረም የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ስሙን የወሰዱት በኢያሱ ዘመን ቅጥሯ ከፈረሰው ከኢያሪኮ ነው። ሠራተኛው ላፕቶፑን ይዞ በየአገሩ ሲዞር፣ ነጋዴው ከውጭ ሆኖ ሲገባ፣ ቅጥሩ እንዳለ መቁጠር ራስን ማታለል ነው አሉ። በ2010 ደግሞ ፎሬስተር በተባለው የጥናት ድርጅት ይሠሩ የነበሩት ጆን ኪንደርቫግ ጉዳዩን በስሙ ጠሩት። ኪንደርቫግ በቀድሞ ሥራቸው ፋየርዎል ተካይ ነበሩ፤ ያን የመቶና የዜሮ ቁጥር እንደ እኔ በእጃቸው ጽፈውታል። የሁሉም በር ቁጥር ዜሮ ይሁን አሉ። ማንም በቆመበት ቦታ ምክንያት አይታመን፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ማን እንደሆነ፣ በምን መሣሪያ እንደመጣ፣ ምን እንደሚፈልግ ይመርመር፤ የሚያስፈልገው ብቻ ይሰጠው። ዜሮ ትረስት ማለት ይህ ነው። የወረደው ቁጥር የበሩ ነው። የሰው ክብር ከዚህ ጋር ንክኪ የለውም።

በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ጉግል ከቻይና የተነሳ ጥቃት እንደደረሰበት ይፋ አደረገ። ከዚያ በኋላ የራሱን አሠራር እንደ አዲስ ሠርቶ ሠራተኞቹ ከየትም ቢመጡ በእኩል እንዲመረመሩ አደረገ፤ በ2014 መጨረሻም አሠራሩን በጽሑፍ አወጣው። ጉግል ግን የራሱ መሐንዲሶች ጦር አለው። እኛ እያነበብን እናደንቅ ነበር፤ ከዚያ ወደ ተበላሸው ፕሪንተር እንሄዳለን።

ነገሩን ወደ እኛ ያመጣው ባልቲሞር ነው። ሜይ 7 ቀን 2019 የባልቲሞር ከተማ አስተዳደር ኮምፒውተሮች በሺዎች ተቆለፉ። ሮቢንሁድ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ፕሮግራም ሁሉንም ለመክፈት 13 ቢትኮይን ጠየቀ፤ በጊዜው ምንዛሪ 76,000 ዶላር ገደማ ነው። ከንቲባ ጃክ ያንግ አልከፍልም አሉ፤ ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ከተማዋ ግን ተንገላታች። በቤት ላይ ያለ ዕዳ የሚጣራበት መዝገብ ስለተዘጋ ለሁለት ሳምንት ያህል የቤት ሽያጭ ቆመ። ቤት ለመግዛት የተዋዋለ ሰው ዕቃውን ጭኖ መሄጃ አጣ። የውኃ ክፍያ ደረሰኝ ለወራት ተቋረጠ። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ለማስቀጠል በየራሳቸው የጂሜይል አካውንት ሲከፍቱ፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ቦታ ይህን ያህል ሲከፈት የጉግል መቆጣጠሪያ ጠርጥሮ ለጥቂት ጊዜ ዘጋባቸው። ጠቅላላ ጉዳቱ ከ18 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገመተ። ዓመት ቀደም ብሎ፣ በማርች 2018፣ የዚያችው ከተማ የ911 ጥሪ ማሠማሪያ ተጠቅቶ ነበር፤ ምክንያቱ አንድ ቴክኒሻን ሌላ ብልሽት ለመፈለግ ፋየርዎሉ ላይ የከፈተው መግቢያ ሳይዘጋ መቆየቱ ነው። አትላንታም በዚያው ወር ተቆልፋ ነበር። በሜይ 2025 አንድ ኢራናዊ በኖርዝ ካሮላይና የፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርቦ ባልቲሞርን ጨምሮ በሮቢንሁድ ስለደረሱት ጥቃቶች ጥፋተኛነቱን አምኗል።

የከተማው ጉዳት ጋዜጣ ሞላ። እኔን የመሰሉ የትምህርት ቤት ሠራተኞችን እንቅልፍ የነሳው ግን ከዓመት ተኩል በኋላ የመጣው ነው። የባልቲሞር ካውንቲ ከከተማዋ የተለየ አስተዳደር ሲሆን፣ በሕዝብ ትምህርት ቤቶቹ 115,000 ያህል ተማሪ ነበረው። ኖቬምበር 2020 ነው፤ ኮቪድ ነው፤ ልጆች ከቤታቸው በኮምፒውተር ይማራሉ። ለታንክስጊቪንግ በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ኖቬምበር 24 ማክሰኞ ማታ፣ ጥቃቱ ኔትወርኩን መታው። ማግስቱን ትምህርት አልነበረም፤ ከበዓሉ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናትም አልነበረም። በመጀመሪያ ልጆች ኮምፒውተር እንዳይነኩ ተባለ፤ ቆይቶ ክሮምቡክ የያዙት እንዲጠቀሙ ተፈቀደ። ዊንዶውስ ላፕቶፕ የያዙት መሣሪያቸውን ወደ ትምህርት ቤት እየወሰዱ ማስመርመር ነበረባቸው። ትምህርቱ በዲሴምበር 2 ቀጠለ፤ የጡረተኞችን ክፍያና መዝገቦችን መልሶ ማስተካከሉ ግን ብዙ ወራት ወሰደ።

በዚያው ሳምንት የሜሪላንድ የሕግ አውጪው ምክር ቤት ኦዲተሮች ስለዚያው የትምህርት አስተዳደር ያዘጋጁት ሪፖርት ወጥቶ ነበር። በሪፖርቱ መሠረት ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስባቸው 26 ሰርቨሮች ለብቻቸው ሳይከለሉ ከውስጠኛው ኔትወርክ ጋር ተቀምጠዋል። ከላይ ያወራሁት መቶው ማለት ይኸው ነው፤ ከነጭራሹም በሩ ለመንገደኛ ተከፍቶ።

በጃንዋሪ 2023 የስቴቱ የትምህርት ዋና ኢንስፔክተር ጽሕፈት ቤት አጠቃላይ ወጪውን ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር አስጠግቶ፣ ጥቃቱ እንዴት እንደገባም አስረዳ። እኔ ይህን ሪፖርት ለባልደረቦቼ ሁሉ አስነብቤያለሁ። አንድ የትምህርት አስተዳደሩ ሠራተኛ ከአንድ ኮሌጅ የተላከ ደረሰኝ የሚመስል ኢሜይል ደረሰው። ፋይሉ አልከፈት ሲለው የሚረዳውን የቴክኖሎጂ ተጠሪ ጠየቀ። ተጠሪው ጠረጠረና ኢሜይሉን ደኅንነት እንዲጠብቅ በኮንትራት ለተቀጠረው ባለሙያ አስተላለፈ። ባለሙያው ደግሞ ፋይሉን ለምርመራ በተከለለው ቦታ መክፈት ሲገባው፣ በስህተት ጥበቃ በሌለው የትምህርት አስተዳደሩ አካውንት ከፈተው። ክፉው ፕሮግራም በዚያ በኩል ገባ፤ ጥቃቱ እስኪፈነዳ ድረስም ሳይታይ ቆየ።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ። ሠራተኛው ያልገባውን ጠየቀ። ተጠሪው ሲሠለጥን እንደተነገረው ጠርጥሮ ወደ ባለሙያ ላከ። ሦስተኛው ለዚሁ ሥራ የሚከፈለው ሰው ነው። የሦስቱም ጥንቃቄ ተደምሮ 115,000 ልጆችን ከትምህርት መቋረጥ አላዳነም፤ ምክንያቱም አንድ ጠቅታ ወደ መቶው ካስገባ በኋላ መንገዱን የሚጠይቅ አልነበረም። ለዓመታት የኮምፒውተር ጥበቃ ማለት አስተማሪውን «አትጫን፣ አትክፈት» እያሉ ማስፈራራት ነበር። አደጋ ሲደርስ ጣት የሚቀሰረው በእሱ ላይ ነው። ዜሮ ትረስትን የምወደው ይህን ሸክም ከአንድ ሰው ጣት ላይ ስለሚያወርድ ነው። አስተማሪዋ ተሳስታ ብትጫን የሚጎዳው የእሷ ላፕቶፕ ይሁን፤ ደመወዙም፣ የነርሷ መዝገብም፣ የሌላው ትምህርት ቤት ተማሪም ከዚያ ጋር አይውደቅ። ሰው ይሳሳታል ብሎ የተሠራ ቤት ለሠራተኛው የሚራራ ቤት ነው።

በሴፕቴምበር 2022፣ በሌበር ደይ በዓል ቅዳሜ ማታ፣ ተራው የሎስ አንጀለስ ሆነ። ከአገሪቱ በትልቅነት ሁለተኛ የሆነው የትምህርት አስተዳደር ጥቃቱን ገና ሲሰራጭ ደርሶበት አብዛኛውን ሲስተም ራሱ ዘጋ፤ ማክሰኞ ትምህርት ቤቶቹ እንደተለመደው ተከፈቱ። ከዚያ የመጣው ግን ከባድ ነበር። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተማሪና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ፓስወርዱን ይቀይር ተባለ፤ ያውም ትንንሽ ልጆች ሳይቀሩ። ኃላፊው አልቤርቶ ካርቫልሆ ቤዛ አንከፍልም ስላሉ ጥቃት አድራሾቹ 500 ጊጋባይት ያህል ሰነድ በኢንተርኔት በተኑት። ውስጡ የ2,000 ያህል ተማሪዎች የሥነ ልቦና ምርመራ መዝገብ እንደነበረበት ኋላ ታወቀ። በ2023 መጀመሪያ የሚኒያፖሊስ ትምህርት ቤቶች ተመሳሳይ ነገር ደረሰባቸው፤ ከተበተነው መካከል ስለ ጥቃትና ስለ ቤት ውስጥ ችግር የተጻፈ የልጆች ምስጢር ይገኝበታል። ተበትኖ የቀረን የልጅ ምስጢር በባክአፕ መመለስ አይቻልም።

የፌዴራሉ መንግሥት በበኩሉ ቀድሞ ነቅቷል፤ በ2015 የ21.5 ሚሊዮን ሰዎች መዝገብ ከሠራተኞች አስተዳደር ቢሮው መሰረቁ ከታወቀ በኋላ የተወካዮች ምክር ቤቱ መርማሪ ኮሚቴ በ2016 ዜሮ ትረስትን መክሮ ነበር። ኒስት የሚባለው የደረጃዎች ተቋም በኦገስት 2020 መግለጫውን አወጣ፤ በሜይ 2021 ፕሬዚዳንት ባይደን ትእዛዝ ፈረሙ፤ በጃንዋሪ 2022 ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የጊዜ ገደብ ተቀመጠ። ይህ ሁሉ ግን የፌዴራል መሥሪያ ቤትን እንጂ የካውንቲ ትምህርት ቤትን ወይም የትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤትን አያስገድድም። ለእነሱ በ2021 በወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ለአራት ዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር ተመደበ፤ ለሃምሳ ስቴቶች ከነከተሞቻቸው ሲካፈል ለአንዲት ትንሽ ከተማ የሚደርሳት ጥቂት ነው። በእኔ ግምት ከሁሉም ይልቅ አስተዳደሮቹን የገፋቸው የኢንሹራንስ ፎርም ነው። ካሳ የከፈሉ ኩባንያዎች ውል ሲያድሱ «ሠራተኞቻችሁ በሙሉ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይጠቀማሉ ወይ?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ፤ «አይ» ያለ ወይ ዋጋው ይወደድበታል ወይ ውሉ አይታደስለትም። የሂሳብ ክፍሉ ኃላፊ እኛ ቢሮ ድረስ መጥቶ ስለ ፓስወርድ ሲጠይቅ ያየሁት በዚያ ጊዜ ነው።

በተግባር እንዴት ነው የሚሠራው? መጀመሪያ ማንነት ነው፤ ያን ሁለተኛ ቁጥር ማስገባት። አስተማሪዎች «የግል ስልኬን ለሥራ አልሰጥም» አሉ፤ የሠራተኛ ማኅበሩም ደገፋቸው፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ስልክ ለማይፈልግ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚሰካ ትንሽ የደኅንነት ቁልፍ ተገዛ። ምሳ ቤት የሚሠሩ አንድ የጎንደር እናት አሉ፣ እትዬ የምንላቸው፤ የሥራ ሰዓታቸውን የሚሞሉት በኮምፒውተር ነው። ተጣጣፊ ስልክ ብቻ ነው ያላቸው። ቁልፉን ስሰጣቸው ገልበጥ አድርገው አዩትና «ይኼ ከጠፋ ማነው የሚጠየቀው?» አሉኝ። «እትዬ፣ ከጠፋ ይንገሩን፤ ወዲያው እንዘጋዋለን፤ ማንም አይቆጣዎትም» አልኳቸው። ከመጋዘኑ ቁልፍ ጋር አሰሩት፤ እስካሁን አልጠፋባቸውም። ስለዚህ አሠራር ከተጻፈው ሁሉ እሳቸውን የመሰለ ሠራተኛን ቀድሞ ያሰበ ጥቂት ነው፤ በትምህርት ቤት ግን እሳቸውን ያላሰበ ዕቅድ ይወድቃል።

የአንደኛ ክፍል ልጅ ፓስወርድ መጻፍ አይችልም። ለእሱ በካርድ ላይ የታተመ የኪውአር ምልክት ለካሜራው ማሳየት ይበቃዋል፤ ከትምህርቱና ከመጽሐፉ በቀር የሚደርስበት ነገር ስለሌለ ካርዱ ቢጠፋ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ነገሩን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ፈቃድ ሥራው በሚጠይቀው ልክ ነው። ከዚያ የሚቀጥለው አድካሚው ሥራ ነው፣ ኔትወርኩን መከፋፈል። ካሜራው ለብቻው፣ ማሞቂያው ለብቻው፣ ፎቶ ኮፒው ለብቻው። ይህን የምንሠራው ልጆች በሌሉበት በክረምት ዕረፍት ነው፤ የትኛው ማሽን ከየትኛው ጋር እንደሚነጋገር ወረቀት ላይ ስለማይገኝ እየቆረጡ ማን እንደሚጮህ መጠበቅ ነው። ማሞቂያውን የሚጠግነው ድርጅት ቀድሞ ሌት ተቀን ክፍት መግቢያ ነበረው፤ አሁን ሲመጣ ለተወሰነ ሰዓት ይከፈትለታል፤ ሲጨርስ ይዘጋል። የላፕቶፖቹ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ በእያንዳንዱ ላይ የተለያየ ሆኗል፤ በየጊዜውም ራሱ ይቀየራል። ባክአፑም ከኔትወርኩ አካውንቶች ተነጥሏል። የሚታይ ነገር የለውም፤ ለፎቶ አይመችም፤ ለዚህ ነው በምርጫ ሰሞን ማንም የማይናገርለት።

ጎዶሎውንም ልንገራችሁ። በዲሴምበር 2024 መጨረሻ ፓወርስኩል የተባለው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የትምህርት አስተዳደሮች የተማሪ መዝገብ የሚያስቀምጡበት ኩባንያ ተጠቃ። ጥቃት አድራሹ የገባው በተሰረቀ አንድ የድጋፍ ሰጪ አካውንት ነው፤ ያ መግቢያ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። ኩባንያው ቤዛ ከፈለ። በሜይ 2025 ግን በዚያው በተሰረቀው መረጃ የትምህርት አስተዳደሮቹ በየግላቸው መልሰው ቤዛ ተጠየቁ። እኛ በራችንን ሁሉ ወደ ዜሮ ብናወርድ፣ መዝገባችን ያለበት ኩባንያ አንድ በር መቶ አድርጎ ከተወ የልጆቻችን ስም እዚያ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ውጭ፣ በየውሉ ላይ መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ ውሉ መፈረም የለበትም።

በሌላ በኩል ገንዘቡ እያነሰ ነው። ለስቴቶች፣ ለከተሞችና ለትምህርት ቤቶች የጥቃት ማስጠንቀቂያ ይልክ የነበረው ኤም.ኤስ. አይሳክ የተባለው ማእከል የፌዴራል ድጋፉ በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ ተቋርጦበታል፤ ቀድሞ በነፃ የሚገኘው አሁን በአባልነት ክፍያ ሆኗል። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2024 ለትምህርት ቤቶችና ለቤተ መጻሕፍት የኮምፒውተር ጥበቃ ለሦስት ዓመት 200 ሚሊዮን ዶላር የሙከራ ፈንድ ሲከፍት፣ 2,734 አመልካቾች በድምሩ 3.7 ቢሊዮን ዶላር ጠየቁ። የተመረጡት 707 ናቸው። የቀሩት አመልካቾች ተማሪዎችም መዝገብ አላቸው።

እንግዲህ እኔን የምትጠይቁኝን ጥያቄ ለሚመለከታቸው አቅርቡት። የየካውንቲያችን የትምህርት ቦርድ የበጀት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ትምህርት ቤቶችም ወላጅን በሚገባው ቋንቋ የማነጋገር ግዴታ በፌዴራል ሕግ አለባቸው። ተመዝገቡና በአማርኛም ቢሆን ተናገሩ። የነርሷ መዝገብና የልጆች ላፕቶፕ በአንድ ኔትወርክ ላይ ናቸው ወይ? ባክአፑ የት ነው ያለው? መዝገባችንን የሰጣችሁት ኩባንያ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጠቀማል ወይ? ለዚህ ሥራ በዚህ ዓመት የመደባችሁት ስንት ነው? በስልካችሁ የሚመጣውንም ቁጥር አትዝለሉት፤ ለማንም፣ ከትምህርት ቤቱ ነኝ ብሎ ለሚደውልም ቢሆን፣ አትንገሩ።